ያልታጠበው ቃጫ

ልጄ ከሴቶች ማኅበር ጋር ብሎኬት ትሠራለች። ሲሚንቶ የለውም፤ ቀይ አፈርና ኖራ ሆኖ፣ እንዳይሰነጠቅ የተቆራረጠ የእንሰት ቃጫ ይገባበታል። ታች ቆላ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ለራሷ አንዲት ክፍል ስትጀምር ቃጫውን ከደጋ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

«እማ፣ ታጥቦ ይድረቅ ብለውናል» አለችኝ።

«እንሰት ስፍቅ ያረጀሁትን ልታስተምሪኝ ነው? ታጥቦ ምን ጉልበት ይቀረዋል!»

እኛ ደገኞች የቤት ቀርከሃ የምናስረው በእርጥቡ፣ ከነዝልግልጉ ነው። ሲደርቅ ነክሶ ይይዛል። እሷ ተከራከረች፤ እኔ ተቆጣሁ፤ ሳታጥብ ቆራርጣ ቀላቀለችው። ብሎኬቱ በፀሐይ የደረቀ መሰለ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ወልዳም ገባችበት።

ክረምት ሲገባ ልጠይቃት ወረድኩ። ሕፃኑን ግድግዳው ሥር አስተኝታዋለች። ልብሱን ላስተካክል ጎንበስ ስል ጎምዘዝ ያለ ሽታ መጣብኝ። የእንሰት ሽታ ይጠፋኛል እንዴ! ግድግዳውን በጥፍሬ ጫን ባደርገው እንደ ሊጥ ገባልኝ።

«እማ፣ ምን ትቆፍሪያለሽ? ቆጮ መሰለሽ?» ብላ ሳቀች።

ሕፃኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ በሩ ጋ ደረስኩ። «ተነሽ፣ ውጪ!»

«አብደሻል እንዴ? አራስ ልጅ በዝናብ?»

«ውጪ ብያለሁ! ቃጫው ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ጎረቤት አደርን። በማግስቱ ከማኅበሩ አንዷ መጥታ ግድግዳውን በመዳፏ ገፋ አደረገችው። አልጋው ከነበረበት በኩል ተናደ። ቃጫው ብቻ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ቀረ።

«የእንሰቱ ጭማቂ ስኳር አለው» አለች፤ «ኖራውን እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ለዚህ ነበር እጠቡት ያልነው።»

ልጄ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ እችለው ነበር። እሷ ግን ፍርስራሹን እያየች፣ «እኔም እኮ አውቅ ነበር እማ» አለች ቀስ ብላ። «ስትቆጪ ግን ፈራሁሽ።»

ግድግዳ ፈርሶም ይሠራል። ይቺ ቃል ግን ከውስጤ አልወጣ አለች።

አሁን ቃጫ አጣቢዋ እኔ ነኝ። ውሃው ጠርቶም አላምነው፣ ደግሜ እነክረዋለሁ። «ይበቃል እማ» ስትለኝ ወዲያው ከውሃው አወጣዋለሁ። አዲሱን ግድግዳ ግን፣ ሕፃኑ አጠገቡ ሲተኛ፣ በጥፍሬ ሳልነካው አላልፍም።