ፋይሉን ያነበቡት የምክር ቤት አባል፦ መምህርት ይታይሽ ላቀው

መምህርት ይታይሽ ላቀው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ዜናውን የሰማሁት ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ማመልከቻ ከምጽፍበት ጠረጴዛ ፊት ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ነው። «ያቺ ምክር ቤት የነበረችው መምህርት አረፈች አሉ» አለ አንዱ ለጎረቤቱ፤ ለእኔ አልነበረም የነገረው። የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ተነሣሁ። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ትንሽ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ መሳቢያዬን ቆለፍኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ይህንንም ጽሑፍ አንድ ቦታ ተቀምጬ መጨረስ አቅቶኝ ከቤት ወደ ጠረጴዛዬ፣ ከጠረጴዛዬ ወደ ቤት ይዤው ስዞር ሰንብቻለሁ።

ላላወቋቸው ልንገር። መምህርት ይታይሽ ሉማሜ ተወልደው ያደጉ፣ ደብረ ማርቆስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማሩ ናቸው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ተማሪያቸው ነበርኩ። ሁላችንም የምንጠራቸው «ቲቸር» ብለን ነው፤ የምክር ቤት አባል ሆነው «ክብርት» ሲባሉም ከእኛ አፍ አልወጣ ብሎ ቲቸር እንዳልናቸው ቀሩ። ክፍል ውስጥ አይቀመጡም ነበር። ደብተራችንን ቆመው ሲያርሙ «ተደረገ፣ ተባለ፣ ተወሰነ» የሚል ባገኙ ቁጥር ከጎኑ «ማን?» ብለው ይጽፋሉ። «ያደረገው ሰው ስም አለው። ስሙን ፈልገህ አምጣ» ይሉኝ ነበር። ትዕግሥት ግን አልነበራቸውም። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይመልሳሉ፤ ያስቀየሙትም ሰው ጥቂት አይደለም። ይህን የምጽፈው በሕይወት ቢኖሩ «ያልሆንኩትን አታድርገኝ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ከሚላኩት ተወካዮች መካከል የየትኛውም ፓርቲ አባል ያልሆነ ሰው እንዲኖር የክልላችን ምክር ቤት ተስማማ። የመረጡትም እሳቸውን ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት» ልላቸው ቤታቸው ስሄድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ እያስገቡ፣ መልሰው እያወጡ አገኘኋቸው።

«ሰው የማንም አባል አለመሆኔን እንደ ጀግንነት ያየዋል» አሉኝ። «እኔ ግን እየፈራሁ ነው። ስሳሳት አብሮኝ የሚሳሳት ሰው አይኖርም።»

ሌሎቹ አባላት ከስብሰባ በፊት በየቡድናቸው ተነጋግረው፣ አቋም ይዘው ይገባሉ። ለመምህርት ይታይሽ አቋም የሚነግራቸው ስላልነበረ የሚታደለውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ግድ ሆነባቸው። በሻይ ሰዓት ደግሞ አንዱ ጠረጴዛ ጋ ግማሽ ብርጭቆ ይጠጡና ቀሪውን ይዘው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ከቆላ አገር የመጡ አንድ አዛውንት አባል ነበሩ፤ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ እንጂ ማንበብ ይቸግራቸዋል። መምህርት ይታይሽ ስብሰባ ባለ ቁጥር ማልደው ገብተው የዕለቱን አጀንዳ ያነቡላቸው ነበር። እንዴት ድምፅ እንደሚሰጡ ግን አንድም ቀን ነግረዋቸው አያውቁም። አዛውንቱ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እኔ የተስማማሁት ላነብልዎ ነው» ይሏቸው ነበር።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ከላይኛው ምክር ቤት ሥራዎች አንዱ፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ከፈረደበት በኋላም «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል» የሚል ሰው የሚያቀርበውን አቤቱታ መመርመር ነው። ወይዘሮ ጥሩዓለም የሚባሉ፣ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ በጮቄ ግርጌ የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ነበሩ። ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ መሬታቸውን ጎረቤታቸው እንዲያርሰውና ምርቱን እኩል እንዲካፈሉ ሰጡት። ሲድኑ ጎረቤትየው መሬቱ ለዘለቄታው በስጦታ እንደተላለፈለት የሚገልጽ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የወይዘሮ ጥሩዓለም የጣት አሻራ ነበረበት። ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ለእሱ ፈረዱ። ወደ ምክር ቤቱ የሚላከውን አቤቱታ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።

አቤቱታው በምክር ቤቱ ኮሚቴ ታይቶ፣ ከሌሎች ብዙ አቤቱታዎች ጋር ተጠቅልሎ «ውድቅ ይሁኑ» በሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። መምህርት ይታይሽ እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን ሲያገላብጡ የአገራቸውን ስም ያዩና ፋይሉን አስወጥተው ያነቡታል። አንድ ቀን ማምሻውን ስልክ ደወሉልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«አንሙት፣ ‹ምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አልፈረምኩም› ብለህ ጽፈሃል። ሴትዮዋ ፈርማለች ወይስ አልፈረመችም?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ፈርማለች፣ ቲቸር። ግን የፈረመችው የእኩል ውል መስሏት ነው። የነገሯት እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደነገረችህ አልጻፍከውም?»

«ፈርማለች ብዬ ከጻፍኩ ማን ያነብልኛል?»

«አሁንስ አነበቡልህ?» አሉኝ። «እኔ ነገሩን አነሣዋለሁ። ሳነሣው ግን መፈረሟንም እናገራለሁ።»

ለመንኳቸው። እንደዚያ ካሉ ጉዳዩ እንደሚሞት ነገርኳቸው። ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ፊት ለፊት ልለምናቸው ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስብሰባው የሁለት ቀን ስለነበር የእኛ አጀንዳ በሁለተኛው ቀን የሚታይ መስሎኝ ነበር። ሉማሜ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰና ረዳቱ «ሻይ ጠጡ» ብሎ አወረደን። ገብቼ በተቀመጥኩበት ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑ ስብሰባውን በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ጥቂት እንደቆየሁ አፈ ጉባኤው የአቤቱታዎቹን የውሳኔ ሐሳብ ለድምፅ ሊያቀርቡ ሲሉ፣ ከአዳራሹ ጥግ መምህርት ይታይሽ እጃቸውን አወጡ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» አሉ። «ከነዚህ ፋይሎች አንዱን አንብቤዋለሁ። አመልካቿ አልፈረምኩም ይላሉ። ፈርመዋል። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው ትክክል አይደለም። ነገር ግን ማንበብ የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ምን ተብሎ ተነብቦላቸው እንደፈረሙ የጠየቀ ፍርድ ቤት የለም። ይህ ፋይል ከሌሎቹ ተለይቶ እንደገና እንዲጣራ እጠይቃለሁ።»

አንድ አባል ማይክሮፎኑን ከፍተው «ክብርት አባል የሚከራከሩት ለየትኛው ወገን እንደሆነ አልገባኝም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሻይ ቤት ውስጥም የሳቁ ነበሩ። ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ይጮሃል። ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። «የውሳኔ ሐሳቡን የምትቃወሙ» ሲባል አንድ እጅ ብቻ ታየ። ቆጣሪው አይቶ ካለፈ በኋላም እጃቸውን አላወረዱም። አዛውንቱ የቆላ ሰው ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ሌላው ሁሉ ደገፈ። ከሻይ ቤቱ ስወጣ አውቶቡሱ ሄዷል።

ያን ዕለት የተሰማኝን አልደብቅም፤ ተናድጄባቸው ነበር። ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ «እውነት ተናግራ አጠፋችን» እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ገባሁ።

በሳምንቱ እሳቸውም መጡና «ተነሥ፣ ሮብ ገበያ እንሄዳለን። መሸነፏን ከሰው መስማት የለባትም» አሉኝ። መንገዱ እስከሚያደርስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። በዳገቱ ላይ እየቆሙ ይተነፍሱ ነበር፤ እናርፍ ስላቸው ግን እሺ አይሉም። ወይዘሮ ጥሩዓለም የገብስ ክምር ጥግ ቆመው አገኘናቸው፤ ክምሩ የሌላ ሰው ነበር።

«ተሸንፈናል እኅቴ» አሏቸው መምህርት ይታይሽ።

«መፈረሜን ነገሩልኝ፣ እሜቴ?»

«ነግሬያለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩዓለም ዞረው አዩኝ። «እኔም እኮ እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ ብዬው ነበር። አይሆንም ያለኝ እሱ ነው።»

መሬት መሬቱን አየሁ። መምህርት ይታይሽ ሊቆጡኝ የሚገባው ያኔ ነበር። «ሊጠቅምሽ አስቦ ነው» ብለው ብቻ አለፉት። ከዚያ ቁጭ አሉና፣ ወረቀቱ በተፈረመ ቀን እነማን እንደነበሩ፣ ማን እንዳነበበ፣ ምን ብሎ እንዳነበበ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን አልጠየቅኩም። «አልፈረመችም» ብሎ የጻፈ ሰው «እንዴት ፈረመች?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

በምስክርነት ከፈረሙት አንዱ፣ የዚያው ቀበሌ ሽማግሌ፣ ገና በሕይወት ነበሩ። አገኘናቸው። «የተነበበልን የእኩል ነው። ሌላ ነገር አልሰማሁም። እስካሁንም የጠየቀኝ የለም» አሉን። ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጡ። አዲስ አቤቱታ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ዐረፍተ ነገር «ፈርሜያለሁ» የሚል ነው። ቃሉን የመረጡት መምህርት ይታይሽ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። እሳቸው በየሻይ ሰዓቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሩ። እኚያ «ለየትኛው ወገን» ያሉት አባል ሳይቀሩ ፋይሉን ወስደው አነበቡት። በአዲሱ ማስረጃ ጉዳዩ እንደገና ለምክር ቤቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የተናገሩት አዛውንቱ የቆላ ሰው ናቸው። «እኔም ማንበብ ይቸግረኛል። ተነበበልኝ ብዬ የማምነው ሰው ከዋሸኝ፣ ጥፋቱ የጣቴ ነው?» አሉ። በዚያ ቀን አዳራሹ አልሳቀም። ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ለወይዘሮ ጥሩዓለም ወሰነ። መሬታቸው ተመለሰላቸው፤ በቀጣዩ ክረምት ገብስና ድንች ዘሩበት።

የምሥራቹን ደውዬ ሳወራላቸው፣ በአዳራሹ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን እንኳ ረስቼ ነበር። ሰምተው ሲያበቁ፣

«በመጀመሪያው ቀን አብረው የወደቁትስ?» አሉኝ።

«የቶቹ፣ ቲቸር?»

«የሌሎቹ ፋይሎች። አንዱን ነው ያነበብኩት። የቀሩትን ማን አነበባቸው?»

የሥራ ዘመናቸው እስኪያልቅ ያን ጥያቄ ለአፈ ጉባኤውም፣ ለኮሚቴውም አቀረቡ፤ ግልጽ መልስ አላገኙም። ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ ከእኛ አካባቢ የወደቁትን አቤቱታዎች ቅጂ ይዘው መጡ። ልባቸው ታሟል ተባለ፤ ሐኪሙ እንዲያርፉ አዘዛቸው። እሳቸው ግን በሚኒባስና በባጃጅ እየተሳፈሩ አመልካቾቹን መፈለግ ጀመሩ። ልጃቸው ሰላማዊት ነርስ ናት። «እማዬን ቤት ለማስቀመጥ ያልሞከርኩት የለም» አለችኝ በቀብሩ ማግስት። «‹ስቀመጥ ነው የሚያመኝ› ትለኛለች። እኔ እኮ እናቴን ጠግቤ አላየኋትም።» ይህንንም ከነምሬቱ ጽፌዋለሁ፤ እሷም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ስለ ወይዘሮ ጥሩዓለም ጉዳይ ሲነገር አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ እንደ ጠቢብ ተቆጥሬ ተመሰገንኩ። ሰው ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። የመጀመሪያውን አቤቱታ በሐሰት የጻፈው ማን እንደሆነ መምህርት ይታይሽ ለማንም አልተናገሩም ነበር። ስለዚህ እዚህ እኔው እናገረዋለሁ፤ ስሜ አንሙት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቲቸር፣ ይህን ስጽፍ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም። ሰላማዊት ቅጂዎቹን ለእኔ ሰጥታኛለች፤ ስድስት ናቸው። ሦስቱን አንብቤያለሁ። ከሦስቱ የሁለቱን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጻጻፌን ከመጀመሪያው መስመር አወቅኩት። እርስዎም አውቀውት ነበር፤ ከዳር በእርሳስ ምልክት አድርገውበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፉ ሰላም ይሉኝ ነበር እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ራሴ እስክመጣ እየጠበቁኝ ነበር ወይስ ጊዜ አለኝ ብለው አስበው? ይህን ልጠይቅዎ አልችልም። ነገ ጠዋት ወደ አንደኛው ሰው ቤት እሄዳለሁ። ምን እንደምለው ገና አላውቅም፤ በመጀመሪያ ግን የነገረኝንና እኔ የጻፍኩትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አነብለታለሁ። እርስዎ እንግዲህ ይረፉ፣ ቲቸር። እኔ ገና ነኝ።