መሪ ያስያዙን ጋሽ እንድሪስ

ጋሽ እንድሪስ ይማም ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደሴ በሕክምና ላይ ሳሉ አርፈዋል። ቀብራቸውም ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተወልደው ባደጉባት በመካነ ሰላም ተፈጽሟል። በወረኢሉም ሆነ በከላላ፣ ባሕር ተሻግራችሁም በጅዳና በሪያድ ያላችሁ ተማሪዎቻቸው፣ ወሬው ሳይደርሳችሁ እንዳይቀር ብዬ ይህን ጽፌያለሁ። ጥሩወርቅ ነኝ፤ ከመካነ ሰላም ደሴ ሚኒባስ የምነዳው። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ በድርቁ ዘመን የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከሥራቸው ተሰናበቱና አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ረጅም ነበሩ፤ ብርድ ስለማይወዱ በጋ ከክረምት ካፖርታቸውን አያወልቁም። በዚያ ላንድሮቨር ያላስተማሩት ዓይነት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የግብርና ባለሙያ፣ ዲያቆን፣ ነጋዴ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል።

እኔም ከጅዳ ከተመለሱት አንዷ ነኝ። ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ከታላቅ ወንድሜ ከሞላ ጋር ሆነን አሮጌ ሚኒባስ ገዛን። ሞላ ገበሬ ነው፤ መንዳት አይችልም። ስለዚህ ሾፌር ቀጠርን። ሾፌሩ ደስ ባለው ቀን ይመጣል፤ ደስ ባላለው ቀን መኪናዋ ደጃችን ቆማ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች። አንድ የገበያ ቀን ተሳፋሪው ዕቃውን ይዞ ደጃችን ተሰብስቦ ሾፌሩ ቀረ።

«እኔ ልማር» አልኩት ሞላን።

«ምኑን?»

«መንዳት።»

«አንቺ? በአቀስታ መንገድ፣ በዚያ ጉም ውስጥ? ሰው ምን ይለናል?»

«ዛሬስ ምን እያለን ነው?»

ሞላ ራሱ እምቢ ከሚለኝ በሽማግሌ አፍ እንድከለከል ፈለገና ወደ ጋሽ እንድሪስ ይዞኝ ሄደ። ላንድሮቨሩ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ሲጠግኑ አገኘናቸው። ከዚያው ሳይወጡ አዳመጡት።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ» አለ ሞላ። «ሴት ልጅ መኪና መንዳት አለባት ይላሉ?»

«እግሯ ፍሬኑ ጋ ይደርሳል?»

«መድረሱንስ ይደርሳል፣ ግን…»

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ትምጣ።»

የመለማመጃ ፈቃድ አውጥቼ ሰኞ ሄድኩ። የምንለማመደው አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን ከቀረ ወዲህ የከተማው ከብት የሚግጥበት። እኔ መሪ የምይዝ መስሎኝ በሾፌሩ በር በኩል ስዞር፣ የኋላውን በር ከፈቱልኝና በጎን ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ጉድጓድ እየመረጡ ነዱ። ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ሲላተም ዋለ። ሲያቆሙ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሾፌር ጉድጓዱን አስቀድሞ ስለሚያየው ይዘጋጃል። የሚመታው ኋላ ያለው ነው። እዚያ ነፍሰ ጡር ትቀመጣለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። የእነሱን ቦታ ሳታውቂ የእኔን ቦታ አልሰጥሽም።»

በማግስቱ ሰጡኝ። ከመነሳታችን በፊት ግን ተንበርክኬ የመኪናውን ሥር እንዳይ አደረጉኝ፤ ፍየል ጥላ ፍለጋ ትገባለችና። ከዚያ «እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፤ አንቺ በሥላሴ ስም በይ። ሳንጠራው ግን አንነሳም» አሉኝ። እንደዚያ እየተባባልን ለወራት ተማርኩ። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቶሎ ስለቅ መኪናው ይዘላል፤ እሳቸው ካፖርታቸውን አስተካክለው «እንደገና» ይላሉ። ተቆጥተው አያውቁም ግን አልልም። አንድ ቀን ከፊቴ ጭነት የጫነች በቅሎ የሚስብ ሰው መንገድ ዘጋብኝና ክላክስ አደረግኩበት። ጋሽ እንድሪስ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉት።

«ሰውዬው ክላክስ መሆኑን ያውቃል። በቅሎዋ ግን ትደነብራለች፤ ጭነቱም እሱም ገደል ይገባሉ። ቸኮልሽ እንዴ?»

«አልቸኮልኩም።»

«እንግዲያው ጠብቂ።»

የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው አለፍኩ። የተግባሩ ፈተና ደሴ ነበር። ደሴን የሚያውቅ ዳገቷን ያውቃል። ፈታኙ ከጎኔ ተቀምጦ አንዱን ዳገት እያጋመስን ሳለ አንዲት አሮጊት ጭራሮ ተሸክመው መንገዱ ውስጥ ገቡ። አቆምኩ። እስኪሻገሩም ጠበቅኩ። ስነሳ ግን ሞተሩ ጠፋ። እጄ የእጅ ፍሬኑን ሲፈልግ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ የኤሌክትሪክ እንጨት ነክቶ ቆመ። ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ፣ እህቴ» ብሎኝ ወረደ።

እያለቀስኩ፣ ፈተናው ቦታ በር ላይ ሲጠብቁኝ ወደነበሩት ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው።

«አሮጊቷስ?» አሉኝ።

«ተሻገሩ።»

«አልሐምዱሊላህ። ፈተና መውደቅ ቁስል የለውም።»

በላንድሮቨሩ ወደ አገር ስንመለስ ጉጉፍቱ ዳገት ላይ ጉሙ ወረደና ዳር ይዘን ቆምን። እስኪገለጥ ስንጠብቅ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ባለቤታቸው ስለ ፋጡማ ነገሩኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስሟን ሲያነሱ አልሰማሁም። ከባዱን መኪና በሚነዱበት ጊዜ፣ ለእረፍት መካነ ሰላም እንደገቡ ተስቦ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን ፋጡማ ምጥ ያዛት። ምጡም ጠናባት።

«መኪናው ደጄ ቆሟል» አሉኝ። «ነዳጅ አለው። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው። ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ የሚነዳ ግን አንድ የለም። እኔ በትኩሳት ስሜንም አላውቀው። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። መንገድ ላይ እሷም ልጁም አለፉ።»

መስታወቱን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት።

«ከዚያ ወዲህ ሰው አስተምረኝ ሲለኝ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ወንድ ነው ሴት ነው ብዬም አልመርጥም።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ወርደው በእኔ በኩል ዞሩና «ተጠጊ፤ ንጂ» አሉኝ። እስከ አቀስታ ነዳሁ።

ሞላ መውደቄን ሲሰማ ነገሩን ባቋራጭ ሊጨርስ ፈለገ። መንጃ ፈቃድ ያለ ፈተና ያስወጣል የሚባል ሰው ደሴ ውስጥ አገኘና፣ ደስ እንዲላቸው ብሎ ለጋሽ እንድሪስ ነገራቸው።

«ወረቀቱን ሰውዬው ያመጣላታል» አሉት። «ዳገቱንስ ማን ይነዳላታል?»

ሞላም ሰውዬውን ተወው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ዳገት አጋምሰን አስቆሙኝና ሞተሩን አስጠፉኝ። ከዚያ ወርደው ከመኪናው ኋላ ሄዱ። በስፖኪዮ መስታወቱ ሳይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ንጂ።»

«ብንሸራተትስ?»

«አትንሸራተችም። የእጅ ፍሬኑን ይዘሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ ሲንቀጠቀጥ ነዳጅ ስጪ።»

ላቤ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ወደ ፊት ሄደ። ወደ ኋላ አንዲት ጋት አልተመለሰም። አቁሜ ስወርድ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስቀምጠዋቸው የነበሩትን ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አየሁ።

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ብነግርሽ ድንጋዩን ታምኚ ነበር» አሉና ድንጋዮቹን ከመንገዱ አውጥተው ወረወሩ።

ለሁለተኛው ፈተና ደሴ ስወጣ አለፍኩ። የሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃዴን የተቀበልኩ ቀን ሞላ ከእጄ ነጥቆ ገበያ ይዞት ዞረ፤ ፎቶዬ የተኮሳተረ መሆኑን ሁሉም ሰው ነገረኝ። ሥራው ግን በመንጃ ፈቃድ ብቻ አልተጀመረም። መናኸሪያ ገብቼ መሪ ስይዝ፣ ተሳፋሪው ገብቶ ያየኛል፤ ተመልሶም ይወርዳል። አንዳንዱ «ሾፌሩ እስኪመጣ ነው?» ይለኛል። ይህን ጋሽ እንድሪስ ሰሙ። አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡና ከእኔ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የት ነው ጋሼ?» አሏቸው የወረዱት ሰዎች።

«ደሴ ጉዳይ አለኝ። እናንተስ አትሄዱም?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ገቡ። ደሴ ስንደርስ ጋሽ እንድሪስ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ጠጡና በዚያው መኪና ተመለሱ። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ሰው እስኪለምደኝ ድረስ ብዙ ጊዜ እንዲህ «ጉዳይ» ነበራቸው።

ከእኔ በኋላ ካስተማሯቸው መካከል አንዲት ነርስ ነበረች። የአምቡላንሱ ሾፌር በሌለበት ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት ራሷ ነድታ ደሴ አደረሰች፤ እናትም ልጅም በሕይወት ተመለሱ። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ቁልቁለቱን በስንተኛ ማርሽ ወረደችው?» ብለው ጠየቁኝ። «በሁለተኛ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የሶላት ሰዓት ሳይደርስ ወደ መስጊድ ሄዱ።

የኩላሊት ሕመማቸው ሲብስባቸው ደሴ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ትራስ ደግፈን ጋደም አደረግናቸው። አቀስታን እንዳለፍን ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምነው ተጎተትሽ?»

«ሕመምዎ እንዳይነሳብዎ ብዬ ነው።»

«የታመመ ሰው መድረስ ይፈልጋል፣ ጥሩዬ።»

ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻው ትእዛዝ ይህ ነው። ፈጸምኩት። ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ።

በቀብራቸው ዕለት መንገዱ ከላይ እስከ ታች መኪና ነበር። ቄሶቹም ከእስላሙ ጋር ወጥተው ሸኟቸው። ሞላ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ሰው ሊቀበለው ሲል እምቢ እያለ እስከ መቃብሩ ደረሰ።

ጋሽ እንድሪስ፣ ማስተማር ጀምረዋቸው የነበሩትን ሁለት ልጃገረዶች አልተውናቸውም። ተማሪዎችዎ ተነጋግረን ተራ ገብተናል፤ ለእኔ የከላላዋ ደርሳኛለች። ትናንት ይዣት ወጥቼ ነበር። የት ድረስ እንዳስተማሯት ስጠይቃት «ጋሼ ነበሩ የሚያውቁት» አለችኝ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርን። ማርሽ ስትቀይር ቁልቁል ታያለች። መሪውን ልነጥቃት ስል እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አሳረፍኩት። በቀኝ በኩል መቀመጥ እንዲህ እንደሚያስፈራ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። አላህ ጀነትን ያውርስዎት። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።