በክንፍ ውስጥ የቀረ አውራ ጣት

ምራቲቱ አማቷን ታውቃቸዋለች ለማለት ይከብዳል። አንድ ጣራ ሥር ኖረዋል፤ የሚበቃቸውን ጨው፣ የሚተኙበትን ጎን፣ የትኛው ጉልበታቸው ዝናብን ቀድሞ እንደሚያውቅ አታጣም። ከዚያ ያለፈውን ግን ግማሹን ከጎረቤት፣ ግማሹን ከባሏ የለቃቀመችው ነው። ከራሳቸው አፍ የምትሰማው ፀጉራቸውን ስታጥባቸው ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ወሬ ይቀናቸዋል።

ጆሯቸው ከባድ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ከሠሩበት የአውሮፕላን ፋብሪካ ያመጡት ጣጣ ነው። ደግሞ መርጦ ነው የሚደነቁረው። ጓዳ ውስጥ ስለ እሳቸው የተንሾካሾኩትን ይሰማሉ፤ ያልወደዱትን ጥያቄ "አልሰማሁም" ብለው ያሳልፉታል። ልጃቸው ስለ አባቱ ሲጠይቅ ኖሮ ያገኘው መልስ ይኸው ነው።

አባቱ አብራሪ ነበር። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ላይ አውሮፕላኑን ተደግፎ ይስቃል፤ ከትከሻው በላይ የአውሮፕላኑ ቁጥር ይነበባል። ልጁ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ወጥቶ አልተመለሰም። ለቤተሰብ የተነገረው "ጠፍቷል" የሚል ብቻ ነው። ለሞተ ይለቀሳል፤ የጠፋ ግን ይጠበቃል። ልጅየው አሁን ራሱ ሸብቷል፣ ልቡንም ያመዋል። ዛሬ ጠዋት ሚስቱን፣ "እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ፤ መጠበቁ ደከመኝ" አላት። ይኸው በሚቀጥለው ክፍል ጋዜጣ ዘርግቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል።

ምራቲቱ ለብ ያለውን ውሃ በጣሳ እያፈሰሰች ከሩቅ ጀመረች፤ ስለ ሥራው።

አማቷ ቀጭን ስለነበሩ ሥራቸው ክንፍ ውስጥ መግባት ነበር። ጓደኛቸው ከውጭ ሆና ላሜራውን የሚያያይዘውን፣ ሪቬት የሚሉትን ሚስማር በአየር በሚሠራ መዶሻ ስትመታ፣ እሳቸው በደረታቸው ተኝተው ከውስጥ በብረት ይደግፋሉ። ጆሯቸው የሄደው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አውሮፕላን ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭብ ነበር። በኋላ ሥራው ሦስት ፈረቃ ሆኖ፣ ከምሳ በፊት አንድ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ሲወጣ፣ ለማጨብጨብ የሚተርፍ እጅ ጠፋ። ሴቶቹ አለቃቸውን "ቶሎ በሉ" ብለው ሰየሙት፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ይህ ሁሉ አውሮፕላን የት እየገባ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር አንዷ "ላም አለኝ በሰማይ" ትላለች። ይሳቃል፤ ሳቁን መዶሻው ይውጠዋል።

ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት አማቷና ጓደኛቸው ባልደረቀው ቀለም ላይ አውራ ጣታቸውን ጎን ለጎን ያትሙ ነበር። ክልክል ነው። ግን ክንፉ ካልተቀደደ በቀር ማንም አያየውም።

"ምን ሊያደርግላችሁ ታትሙት ነበር?" አለች ምራቲቱ።

"ደክሞን ነዋ። ሠርተሽ ሠርተሽ የኔ የምትዪው ስታጪ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሆዳቸው ሲገፋ ክንፉ አላስገባ አላቸው። አለቃው ወደ ኋላው መጋዘን አዛወራቸው፤ የወደቁ አውሮፕላኖች በጭነት መኪና የሚመጡበት ነው። ሬዲዮኑ በየቀኑ የጠላትን ብቻ ይቆጥራል፤ የራስን ቁጥር የሚያውቁት የመጋዘኑ ሴቶች ነበሩ። ግማሹን ጠላት አልነካውም፤ ሲያርፍ የተከሰከሰ ነው። አብራሪዎቹ ለመማር ጊዜ ያላገኙ ልጆች ናቸውና። ስብርባሪው ተለይቶ ይቀልጣል፣ ላሜራ ይሆናል፣ ላሜራው መልሶ ክንፍ ይሆናል። በፊት በር የወጣው በኋላ በር ይገባል። ያንኑ አንድ አውሮፕላን ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩ ይመስላቸው ነበር።

"አንዳንዴ ክንፉን ስንገለብጠው ሁለቱ አውራ ጣቶች ብቅ ይላሉ" አሉ። "ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። እሷ ገና እየመታች ነበር።"

የምራቲቱ እጅ ቆመ። ከጎን ክፍል ሲንኮሻኮሽ የቆየው ጋዜጣም ዝም አለ። ሁልጊዜ ለአማቷ ስትናገር ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ አሁን ግን ዝቅ አደረገችው። ካልፈለጉ እንዳልሰሙ የሚሆኑበት ቀዳዳ ልትተውላቸው ነው።

"እማማ፣ ፎቶው ላይ ያለው ቁጥር... እዚያ መጋዘን መጥቶ ነበር?"

ከፀጉራቸው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ምራቲቱ ያቺን የለመደቻትን "አልሰማሁም"፣ ወይም አንዲት "አልመጣም" ጠበቀች።

"ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ" አሉ አማቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ውሃው ሳይቀዘቅዝ ጨርሺልኝ።"