ሦስት ምት ለሰኢድ

ዛሬ የሱቁን ቴሌቪዥን ሪሞት ስከፍት የፈሰሰ ባትሪ ሸተተኝ። ልጅ ሳለን ታንኮቻችንም እንዲህ ነበር የሚሸቱት።

አክስቴ ከጅዳ የላከችልን ሁለት መጫወቻ ታንኮች ነበሩ። በሪሞት ይነዳሉ፤ ዓይን በማያየው ጨረር ይታኮሳሉ። ፀሐይ ጨረሩን ስለምታደነዝዘው የምንጫወተው አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የጨርቅ ሱቃችን በር ሲዘጋ ነበር። ተጋጣሚዬ የአጎቴ ልጅ ሰኢድ ነው። ሱቁን ከአባቴ ጋር እኩል የከፈተው አባቱ ከሞተ ገና ወሩ ነበር።

ከታንኩ ሆድ ስር፣ ስንት ምት እንደሚችል የሚወስን ትንሽ ቁልፍ አለ። የእኔን ዘጠኝ ላይ፣ የሰኢድን ሦስት ላይ አደረግሁት። እሱ ቁልፉ መኖሩንም አያውቅም። ሦስቴ ስመታው ታንኩ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። ያስነሳዋል፤ ደግሞ እገድልበታለሁ። እየሳቅሁ ነበር። በመጨረሻ ሪሞቱን ጥሎ አለቀሰ።

አባቴ ባንኮኒው ጋ ሆኖ ቁልፉን ስነካ አይቶኛል። የሚቆጣኝ መስሎኝ ደንግጬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «እንዳትነግሪው። መሸነፉን ከአሁኑ ይልመደው» አለኝ። ስለ ጨዋታው የሚያወራ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሰኢድና እናቱ አንድ ወረቀት ላይ ፈርመው ወደ ማክሰኝት ተሸኙ። ሱቁ የእኛ ብቻ ሆነ።

አሁን ሰኢድ የሱቃችን ተሸካሚ ነው። የጨርቅ ጣቃውን አውርዶ በእጄ የያዝሁትን ባትሪ ሲያይ ፈገግ አለ።

«ታንኮቹ ትዝ አሉሽ? ምነው ግን እኔ አንድ ቀን እንኳ ማሸነፍ አቃተኝ?»

«ዓይንህ ድሮም ደካማ ነው» አልሁትና ባትሪ እንዲገዛ ላክሁት።