በጥር ሳይክል ይዘን አፋር ስንወርድ

ዳንግላ ገበያ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ወርቅአየሁ እባላለሁ። ከስፌት መኪናዋ በላይ አፏ ይሠራል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባሌ ሽባባው ደግሞ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሳይክል ይጠግናል። ዝምተኛ ነው። ሙሉ ቀን ሠርቶ ሦስት ቃል ከተናገረ በዝቶበታል። እንዴት ተጋባችሁ አትበሉኝ፤ እኔም አላውቅም።

ይህ ሰው በ2005 የጥምቀት ማግስት ሁለት ማውንቴን ሳይክል ገጣጥሞ፣ ድንኳን ጠቅልሎ፣ "አፋር ልወርድ ነው፤ እስከ አሳይታ፤ ሃያ ቀን" አለኝ። "ብቻህን?" ስለው ሁለተኛዋን ሳይክል በአገጩ አሳየኝ። አቤት ደስታዬ! ልጆቹን እናቴ ዘንድ አስቀመጥኩ፣ የሰው ቀሚስ በጅምር ትቼ የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩ። እህቴ ማናለብሽ ግን ገበያ መሃል ቆማ "በሦስተኛው ቀን አይሱዙ ላይ ተጭና ነው የምትመለሰው" ብላ አሳቀችብኝ። ደሜ ፈላ! "ሳይክሌን እየነዳሁ አሳይታ ባልገባ ወርቅአየሁ አትበሉኝ!" ብዬ ማልኩ። ሽባባውም እሳት ጨመረበት፤ "መንገድ ላይ ወሬ የለም። ቆመሽ ካወራሽ በመጀመሪያው መኪና ትመለሻለሽ።"

እስከ ሚሌ በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ሳይክል ነው። ወይ ጉድ! ምድሩ ሜዳ፣ ሰማዩ ሜዳ! ዕድሜ ልኬን የዳንግላን ጭቃ ስረግጥ የኖርኩ ሴት፣ ደረቅ መሬት ሳገኝ መሪውን ለቅቄ "እልልል!" እያልኩ በረርኩ። ብዙም ሳልርቅ እሾህ ጎማዬን በላው። በዚያን ቀን ብቻ ስምንት ጊዜ ማስቲሽ ለጠፍን፤ ስምንት ጊዜም ሳቅሁ።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑን ስንተክል ሽባባው አካፋ አውጥቶ ዙሪያውን የጎርፍ ቦይ ቆፈረ። እኔም አፈሩን እየዛቅሁ አገዝኩት። እኛ አገር ዳስ ያለ ቦይ ይጣላል እንዴ? ፍየል የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ማንን ልንቀብር እንደሆነ በእጃቸው ምልክት ጠየቁን። እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሽባባው ግን ቦዩን ሳይጨርስ አልተኛም።

በአምስተኛው ቀን ከአስፋልቱ ወጥተን በበረሃው የእግር መንገድ ስንነዳ፣ ግመል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንስተው ቁሙ አሉን። ፍሬን ያዝኩ። "ወሬ የለም ብያለሁ!" አለ ሽባባው። እጃችንን አውለብልበን "ደህና ይዋሉ!" እያልን አለፍናቸው።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልንቀዳ ካሰብንበት ፓምፕ ደረስን። ፓምፑ ተሰብሯል። የቀረን ውሃ ግማሽ ኮዳ ነው። ሽባባው ፊቱ አመድ መሰለ። "አስፋልቱ ጋ እንመለስና መኪና ላይ ትወጫለሽ" አለኝ። "ልጆች አሉን፣ ወርቄ።" እውነቱን ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ። የማናለብሽ ሳቅ እዚያው በረሃው መሃል ተሰማኝ። ላለቅስ አልኩና ውሃ ማባከን ነው ብዬ ተውኩት።

ስንመለስ እኚያው ሽማግሌ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሁመድ ይባላሉ፤ ድሮ ሚሌ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ስለነበሩ አማርኛ ይችላሉ።

"አሁንስ ትቀመጣላችሁ?" አሉን። "እኛ ዘንድ ሰው ሰውን ካገኘ ይቀመጣል፤ መጪው ያየውን ይናገራል፣ ከዚያ የባለአገሩን ይሰማል። ዳጉ ይባላል። ፓምፑ ከተሰበረ ወር ሆኖታል። እሱን ልነግራችሁ ነበር ዱላዬን ያነሳሁት።"

ሽባባውን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

"እሺ ጋሽ ሁመድ፣ ልንገርዎት" ብዬ እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። የትኛው ሸለቆ ሣር እንዳለው፣ የት ግመል ሞቶ እንዳየን፣ የዳንግላ ድንች ስንት እንደገባ፣ መሐላዬን፣ ይህ ሰውዬ መኪና ላይ ሊጭነኝ እንደሆነ፣ አንዱን ሳልተው ተናገርኩ። ጋሽ ሁመድ አንዴም አላቋረጡኝም። በሕይወቴ እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም! ስጨርስ እሳቸው ጀመሩ፤ ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ የእጅ ጉድጓድ አለ፣ የፍየሎቹን ዱካ ተከተሉ አሉን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዳችን እስኪነፋ ጠጣን፣ እኔማ ከነልብሴ በላዬ ላይ አፈሰስኩት።

ሽባባው ግን ድንጋጤው አልለቀቀውም። "ነገ መኪና" ይለኛል፣ እኔም "ነገ" እያልኩ እነዳለሁ። እንዲህ ስንል ዘጠኝ ቀን ሄድን። አሳይታ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጉልበቴ አብጦ አየና መንገድ መሃል ገብቶ አንድ የጭነት መኪና አስቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ እኔን አየኝ፣ ሳይክሌን አየ።

"ወርቅአየሁ ነሽ? የዳንግላዋ?"

"አዎ!" አልኩ፤ አይቼው የማላውቀው ሰው ነው።

"አልጭንሽም። ከጋሽ ሁመድ ጀምሮ እስከዚህ ያልሰማ የለም። መሐላሽን አስፈርሼ ለሰው ምን ብዬ አወራለሁ?" ወደ ሽባባው ዞረ። "አንተ ከደከመህ ግን ውጣ።"

ሽባባው ላቡን ጠረገ። ሹፌሩን አየ፣ እኔን አየ።

"አልወጣም" አለ። "የእሷ አፍ ባይኖር በውሃ ጥም አልቀን ነበር። የእኔ ዝምታ ሊገድለን ነበር።"

በሰው ፊት! አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረን እንዲህ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሹፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ ሄደ፣ እኔም ያበጠ ጉልበቴን ረስቼ ሳይክሌ ላይ ወጣሁ።

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር የቀረን። ሰው ባገኘን ቁጥር ቀድሞ የሚወርደው፣ ቀድሞ የሚቀመጠው ሽባባው ሆነ። ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ እስክናገር ይጠብቀኛል። አሳይታ የገባነው ሲመሽ ነው።