የሚጣለው ግማሽ

የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ሰሞኑን እሱን ላስለቅቅ አቼቶ አፈሰስኩበትና አረፋው ሲንሿሿ ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ባለቤቴ በበሩ ሲያልፍ አየኝ። "ደግሞ ጀመረሽ" ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው። ቅርፊቱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ አረፋው ደግሞ ኬሚስትሪ። በወጣትነቴ ሁለቱንም አንድ ላይ ስማር ቆይቼ አንዱን ተውኩ። እንዴት እንደተውኩት ግን ዛሬም በቅጡ አይገባኝም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲያችን ለሙከራ ብሎ የማዕድን ምህንድስናንና ኬሚስትሪን አጣምሮ በሁለት ዲግሪ የሚያስመርቅ ትምህርት ከፍቶ ነበር። ምን እንደምማር ለሰፈር ሰው ማስረዳት ራሱ አንድ ኮርስ የሚያህል ሥራ ነበር። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ኬሚስትሪ ሲባል ፋርማሲ ይመስላቸውና የጉልበታቸውን ሕመም ይነግሩኛል፤ ማዕድን ሲባል ደግሞ ከወርቅ ሌላ አይታያቸውም። አባቴ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር። የባቡሩ ሥራ እየሳሳ ሲሄድ፣ አመሻሽ ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የማዕድን ምሩቅ ወደሚቀጥረው ሲሚንቶ ፋብሪካ እያየ "እዚያ የገባ ልጅ አይቸገርም" ይል ጀመር። ለእኔ ይበለው ለራሱ፣ ጠይቄው አላውቅም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ፕሮግራም ተጋጨ። የአንዱ መስክ ሥራ ከሌላው ላቦራቶሪ ጋር አንድ ቀን እየዋለ አስቸገረና "እስከ ሰኞ አንዱን ተዪ" ተባልኩ። ወሩ ግንቦት ነበር። በድሬ ግንቦት፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ፍየሎች እንኳ የግድግዳ ጥላ ሲሻሙ፣ ሰው የሚበላውን ለመምረጥም ይሰንፋል። እኔ የዕድሜ ልክ ሙያ ምረጪ ተብያለሁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ከከተማው ዳር ወዳለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ናሙና አወሳሰድ ልንማር ወጣን። የደቀቀው ድንጋይ በአካፋ ተደጋግሞ ይደባለቅና ይከመራል። ከዚያ አናቱ ተደልድሎ በመስቀለኛ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ትይዩ የሆኑት ሁለት ሩቦች ይያዛሉ፣ የቀሩት ሁለት ይጣላሉ። የተያዘው እንደገና ይደባለቃል፣ እንደገና ይከፈላል፣ እንደገና ግማሹ ይጣላል፤ ያ ሁሉ ክምር እፍኝ እስኪያህል ድረስ።

ችግሩ፣ ረቡዕ የዋልኩት ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ መምህራችን ዶክተር ሂሩት ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የቀረችውን ጠብታ እንኳ አጥበን እንድናወርድ ነው የሚያስተምሩን። እና አካፋዬን ይዤ ቆምኩ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ጣዪው እንጂ" አሉኝ የማዕድኑ መምህር ኢንጂነር ታፈሰ።

"የትኞቹን ልጣል?"

"ደህና አድርገሽ ካደባለቅሽው የትኞቹንም ብትጥዪ ያው ነው።"

ያው ነው የሚለው ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲበታተኑ የጣልኩትን ግማሽ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ወደ ሳቢያን ይዤው ሄድኩ። የባጃጁ ልጅ ከረጢቱን ሲያነሳ ወገቡን ያዘ። "አቦ እህቴ፣ ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ። ናሙና ነው አልኩት። "ወላሂ ድንጋይ ነው" አለ።

አባቴም ከረጢቱን ከፍቶ አየና "ድሬ ላይ ድንጋይ ጠፍቶ ነው በባጃጅ የምታመጪው?" አለኝ። አዴ ፋጡማ ድምፅ ሰምተው መጡ፤ በጣታቸው ቆንጥረው አሹት።

"ወርቅ አለው?"

"የለውም አዴ።"

"ታዲያ ለምን አመጣሽው?"

 ከቀፊራ ገበያ የመጣ ፓፓያ ሎሚ ተጨምቆበት ቀረበና ሦስታችንም ከረጢቱን እያየን በላን።

በማግስቱ ዶክተር ሂሩትን አስፈቅጄ የተያዘውንና የተጣለውን ለየብቻ አሲድ ውስጥ አሟሙቼ መረመርኳቸው። ውጤታቸው አንድ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ወረቀቱን ለኢንጂነር ታፈሰ ሳሳያቸው ሳቁ። "ያው ነው አላልኩሽም?" አሉ። ያንኑ ወረቀት ዶክተር ሂሩት መነጽራቸውን አውልቀው አዩና "ይቺ ልዩነት ከየት መጣች?" አሉኝ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው። በአንዱ ዓይን ነገሩ አልቋል፣ በሌላው ዓይን ገና መጀመሩ ነው።

እሑድን ሙሉ ስለዚያች ትንሽ ልዩነት ሳስብ ዋልኩ። ዱቄቱ ይሆን? ውኃው ይሆን? እጄ ይሆን? ማታ ላይ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ ታወቀኝ። በቃ፣ ማዕድኑን እተዋለሁ አልኩ።

ሰኞ አባቴ ከሥራ አስፈቅቶ አብሮኝ መጣ። የታጠበ የሥራ ጃኬቱን ለብሷል። "ምንም አልልሽም፣ ልሸኝሽ ብዬ ነው" አለኝ።  ግቢው በር ላይ ካለ የኒም ዛፍ ሥር ቀረና እኔ ወደ ሬጅስትራር ገባሁ።

"የትኛውን ነው የምትተዪው?" አለች በመስኮቱ ያለችው ሴት።

ማዕድኑን ልል አፌን ከፈትኩ። ጆሮዬ የሰማው "ኬሚስትሪን" የሚል ነው። ሴትዮዋ ገና አልጻፈችም። ቀና ብላ "ኬሚስትሪን?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

አባቴ ስወጣ ሲያየኝ ተነሣ።

"የቱን ተውሽ?"

"ኬሚስትሪን።"

ፊቱ በደስታ ሊፈካ ሲል ራሱን ገታ። የጃኬቱን አቧራ አራገፈ።

"ለእኔ ብለሽ እንዳይሆን" አለኝ።

"ኧረ አይደለም" አልኩት፣ ወዲያው።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኔም ፋብሪካ ገብቼ፣ ልጆች አሳድጌ፣ በሥራዬ ተከብሬ ኖሬያለሁ። አይቆጨኝም፤ ቁጭት ቢሆንማ ስሙን አውቀው ነበር። የማላውቀው ያን ዕለት በመስኮቱ ማን እንደተናገረ ነው። ለአባቴ የሰጠሁት መልስ እውነት ይሁን ውሸትም አላውቅም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ መልሱን ፈርቶት ይመስለኛል። ዛሬ ተነሥቶ ቢጠይቀኝ ሳልቸኩል "አላውቅም አባዬ" እለው ነበር። ያኔም የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።