ሁለቱም የሚቀዱበት ሳጥን

ጋሼ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የጀልባ ሬዲዮ ይጠግናል። ወደቡ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች «የጩኸት ሐኪም» ይሉታል፤ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮ ያመጡለታል፣ እሱም አስጩኾ ይመልስላቸዋል። ከራሱ አፍ ግን ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ነው። እኔ ከፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጬ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ይሠራል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሬዲዮ በተመደበለት ፍሪኩዌንሲ ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት። ትንሽ ከሳተ ድምፁ ይንሻፈፋል፣ ብዙ ከሳተ ማንም አይሰማውም። ጋሼ ይህን የሚለካው በሁለት መሣሪያ ነው። አንዱን በሌላው ያመሳክራል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሬዲዮውን አሽጎ ይሰጣል። ልካቸውን የሚቀዱት ግን ሁለቱም ከአንድ አሮጌ ሳጥን ነው። ውስጡ ያለው፣ ልኩን የሚጠብቀው ክሪስታል ሁልጊዜ መሞቅ ስላለበት ሳጥኑ አይጠፋም፤ ቤቱን ቆልፈን ስንሄድ እንኳ እንደበራ ያድራል።

ባሌ የወጣበት ጀልባ አልተመለሰም። ማዕበል ነበር። ከዳር ሆኖ ጀልባዎችን የሚያዳምጠው ጣቢያ ምንም ጥሪ አልሰማንም አለ። የዚያን ጀልባ ሬዲዮ ያስተካከለው ጋሼ ነው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ጋሼ መጥቶ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ።

«ይሄ ከተዛባ እኮ ሁለቱም አብረው ነው የሚዛቡት» አለኝ። «እየተስማሙ ይዋሹኛል።»

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ አልነካም። ጂፒኤስ የሚከተል ሳጥን እንግዛ አለ፤ ከሳተላይቶች ሰዓት እየወሰደ ራሱን በራሱ የሚያርም። እሺ አልኩ። በዚያ ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው። ምግብ አይጣፍጠኝም፣ እንባ አይመጣልኝም፤ ሰው ሲያጽናናኝ ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ምርጫው ግን ማለቂያ አጣ። ርካሹ ሳጥን ሳተላይት ሲያጣ ወዲያው ይባዝናል አለ። ሌላው ሲያርም ዘሎ ነው የሚያርመው፣ ለመለኪያ አይሆንም። ሁሉን ያሟላው ደግሞ አንቴናው ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል፣ የእኛን ጣሪያ የጎረቤት ፎቅ ጋርዶታል። ሰውዬው ሚስት የሚመርጥ ይመስል ነበር። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ እኔም ሞኝ አይደለሁም። አዲሱ ሳጥን በመጣ ቀን አሮጌው ስቶ እንደሆነ ይታወቃል፤ ጋሼም ወንድሙን በገዛ እጁ ድምፅ አልባ አድርጎ ልኮት እንደሆነ ያውቃል። ፈርቶ ነው።

ዓሣ አጥማጆቹ ሬዲዮአቸውን ሳያስፈትሹ መውጣት ሲጀምሩ ግን ትዕግስቴ አለቀ። ሁሉን ያሟላውን ሳልነግረው አዘዝኩ። ጎረቤቱንም ለምኜ አንቴናውን ፎቁ ላይ አሰቀልኩ። ጋሼ ዕቃውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፣ አልተቆጣም ግን። አዲሱ ሳጥን ሳተላይቶቹን ይዞ እስኪረጋ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ አሮጌውን በአዲሱ ይለካ ጀመር። ደጋግሞ ለካ። ገመድ ቀይሮ እንደገና ለካ።

«ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «ስህተቱ ለጀልባ ሬዲዮ ከቁጥር አይገባም። ትክክል ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመው ነገር ነው የወረደለት።

እኔ ቆሜ አየሁት። ሳጥኑን ለእሱ ብዬ ያዘዝኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ስህተት እንዲገኝ ፈልጌ ኖሯል። ስህተት ቢገኝ ኖሮ ባሌ ጠርቷል፣ ድምፁ ነው ያልደረሰው ብዬ ጋሼን እቀየመው ነበር፤ ውሎ አድሮም ይቅር እለው ነበር። ሬዲዮው ደህና ከነበረ ግን ባሌ ወይ ለመጣራት እንኳ ጊዜ አላገኘም፣ ወይ ተጣርቶ ጣቢያው ውስጥ ጆሮ የሰጠው የለም። የትኛው እንደሆነ መቼም አላውቅም።

ጋሼ እንባውን ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው?» አለኝ።

«አሁን ማንን ልቀየም፣ ጋሼ?» አልኩት።

ወንበር ሳበልኝ።